ሃምሳኛዋ

ኅዳር 2፣ ሰኞ

አዲሱ ደንብ ወጣ። ኃላፊው ጠዋት ሰብስቦ አነበበልን፤ ሲያነብ ደግሞ ትንፋሽ መውሰድ የሚባል ነገር አያውቅም። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ማንኛውም የእምነት ማኅበር አካለ መጠን የደረሱ ሃምሳ አባላቱን በስም፣ በአድራሻና በፊርማ ያስመዘግባል። ሃምሳ ከሞላ ሕግ ይጠብቀዋል፤ አዳራሹን ማንም አይነካበትም። አንድ ሰው ከጎደለ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው፣ በሩ ይታሸጋል። የጊዜ ገደቡ የወሩ መጨረሻ። ምዝገባው በማን መስኮት? በእኔ። ሌላ ማን አለና።

ትልልቆቹ ምን ቸገራቸው፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አላቸው። ደንቡ የተሰፋው በዝምተኞቹ ልክ እንደሆነ ቢሮው በሙሉ ያውቃል። ማንም ግን ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም።

ዝምተኞች የምንላቸው ከአናጢዎቹ ሱቅ በላይ ባለው አዳራሽ እየተቀመጡ፣ ያለ ዜማ ያለ ስብከት፣ ዝም ብለው የሚጸልዩትን ነው። አይምሉም፣ አይዋሹም ይባላል። ታናሽ እህቴ አብራቸው መቀመጥ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

እማዬና እህቴ ራት ላይ ተጣሉ። መጣላት ከተባለ፤ የምትጮኸው አንዷ ብቻ ናት። እማዬ «ዝም ለማለት አዳራሽ ምን ያደርጋል? ዝም ማለት ካማረሽ እዚሁ ቤት ዝም በይልኝ፣ እኔም ልረፍበት» አለቻት። ሳቅ አመለጠኝ። እህቴም ሳቀች፤ እሷን ማናደድ አይቻልም፣ ያ ነው የሚያናድደው።

ከዚያ በደስታ ነገረችን። ትልቃቸው ሰዓት ሠሪው ናቸው፤ ማን እንደሚፈርም ሲጠይቁ አርባ ዘጠኝ ላይ ቆመው ነበር አሉ። ልጆች አይቆጠሩም፤ የፈሩ አሉ፣ ከተማውን ለቀው የሄዱ አሉ። «እኔ ሃምሳኛዋ ነኝ፣ እትዬ» አለችኝ። ሽልማት የወሰደች ነው የምትመስለው።

ስምሽ ከነአድራሻሽ ውጭ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፍ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ደንቡ ያዝዛል፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ተብሎ አሥራ አምስት ቀን ተለጥፎ ይቆያል። ታውቃለች። ሁሉም ያውቃሉ። ያን ሰሌዳ በቀን ስንት ሰው እንደሚያየው፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ መልካም ሰው እንደሆነ ግን አያውቁም። መስኮት ላይ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

በጥድፊያ። ኃላፊው አስጠራኝ። የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ነው። «ካንቺ ሌላ ለማን እሰጣለሁ?» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት! እግሬ መሬት አልነካም። የሚሞላ ፎርም ሰጠኝ። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም፣ ሟርት እንዳይሆን።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ፎርሙ ሦስት ገጽ ነው። ጥያቄ አሥራ ሰባት፦ ካልተመዘገበ ወይም በመመዝገብ ላይ ካለ የእምነት ማኅበር ጋር የተያያዘ የቅርብ ዘመድ አለዎት?

«የለም» ብዬ ሞላሁ። ውሸት አይደለም። እህቴ እስከ ዛሬ ምንም ላይ አልፈረመችም። ያልፈረመ ሰው በወረቀት የለም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም፣ የመዝገብ ቤት ሕግ ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

እሑድ ቀኑን ሙሉ ለመንኳት። በእማዬ ልብ ሕመም ገባሁ፣ በአባታችን አጥንት ገባሁ፣ በሥራዋም ገባሁ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የቁልፍ ቤት ማሽን ላይ ነው የምትሠራው፤ ፎርማኑ ቢሰማ ምን ይላል አልኳት። አርባ ዘጠኙም እናት አላቸው አለችኝ።

ስለ ሰዎቿ ስታወራ አታቆምም። አንድ ሰው ያጠፋ ሲመስላቸው አይጠይቁትም አሉ። መጠየቅ ሰውን ወደ ውሸት መግፋት ነው ይላሉ። አጠገቡ ዝም ብለው እየተቀመጡ፣ ራሱ እስኪናገር ይጠብቁታል። አንዱን ሰውዬ አራት ወር ጠብቀውታል። እኔ ብሆን በአምስተኛው ደቂቃ ያልሠራሁትን ሁሉ እናዘዝ ነበር አልኳት። በሳቅ ፈረሰች።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ። የምሳ ሰዓት

ሰዓት ሠሪው መጡ። ፖስታው ታሽጓል። አብረን እንቁጠርና እንፈራረም አልኳቸው፣ አሠራሩ እንደዚያ ነውና። እምቢ አሉ። ፖስታው አዳራሹ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እያንዳንዱ የራሱን ወረቀት አስገብቶበታል፣ እሳቸውም አልቆጠሩትም። «መቁጠር መጠራጠር ነው፣ ልጄ» አሉኝ። እዚህ ቤት ስንት ዓይነት ሰው አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ሞኝ ግን አላየሁም።

ሲወጡ ጎንበስ ብለው ስለ እህቴ አመሰገኑኝ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፤ መስኮት አራት ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ፣ የመስኮት አራቷ፣ ግን ጆሮዋ የሌባ ነው። ሰምታ ይሆን? ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ቀና ብላ አየችኝ። ወይስ እኔ ነኝ የማያት?

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

አንድ ወረቀት ከፖስታው ወጣ።

ለእሷ ብዬ ነው። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የቤታችን ቁጥር፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ ተጽፏል። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ይህን ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ድንጋይ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ በራችንን ላሳይ? እማዬ አንድ ሌሊት አታድርም። እህት የሆነች ሁሉ ይህንኑ ታደርጋለች።

ሽንት ቤት ገብቼ ቀዳደድኩትና ውሃ ለቀቅኩበት። አልወርድ ብሎ ሁለቴ መልቀቅ ነበረብኝ።

የቀሩትን አልቆጠርኩም። ስንት እንደሆኑ እኔ በምን አውቃለሁ? መጠባበቂያ አምስት ስድስት ሰው ሳይጨምሩ አይቀሩም። ልክ ሃምሳ ይዞ የሚመጣ ማን አለ?

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ተቆጠረ። አርባ ዘጠኝ።

ኃላፊው ራሱ ነው የቆጠረው፤ ምራቁን እየነካ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሳቀ። «በአንድ ሰው!» ይላል፤ ይስቃል፤ እንደገና «በአንድ ሰው!» ዝርዝሩን እኔ ተየብኩት፣ ማኅተሙንም መታሁበት። ጥበቃው ወስዶ ለጠፈው።

ሰዓት ሠሪው ከቀትር በፊት ደረሱ። ሰሌዳው ሥር ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፤ ገብተው ሃምሳ ነበርን አሉ። ኃላፊው ቆጥረው ነው ያስረከቡት ወይ አላቸው። «አንቆጥርም» አሉ። ያን ጊዜ ቢሮው በሙሉ ሳቀ፣ ተራ የሚጠብቁት ሳይቀሩ። አንድ ሰው አሁን ጠርቼ ላስፈርም ብለው ለመኑ። ገደቡ ትናንት አልፏል ያልኳቸው እኔ ነኝ። ማለት ያለብኝም እኔ ነበርኩ፣ መስኮቱ የእኔ ነው። ትንሽ አዩኝና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ምንም አልጠየቁኝም።

ማታ ሳህን ሳጥብ እህቴ አጠገቤ መጣች። «እትዬ፣ እኔ እኮ አስገብቻለሁ» አለች።

ታዲያ እኔ ምን ልሁን አልኳት፤ ወድቆ ይሆናል፣ ተጣብቆ ይሆናል፣ እዚያ ቢሮ ስንት ወረቀት ይጠፋል። ብዙ ቆማ አየችኝ። «ቢታወቅ ከሥራ ያባርሩሻል?» አለችኝ። ምኑ ነው የሚታወቀው አልኳት። ፎጣውን አንስታ ሳህኖቹን አደራረቀችልኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

አዳራሹ ታሸገ። አሁን በሩ ላይ፣ የእግረኛ መንገዱ ዳር፣ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። አናጢዎቹ መጋዝ ጥራጊ ያፈሱባቸዋል አሉ።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ስልክ ያለው ሁሉ ሰሌዳውን ፎቶ አንስቷል። አድራሻው አለ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? በሮች ሬንጅ ተቀቡ። ከዝርዝሩ ውስጥ ያለችውን አዋላጅ አከራይዋ ከነዕቃዋ አስወጣት፤ የዚያን ሰውዬ ሦስት ልጆች ያዋለደችው እሷ ናት። መውጫው ላይ እጇን በመዝጊያው ቀረቀሩባት፤ ሁለት ጣቷ ተሰብሯል። የምታዋልድበት እጅ ነው ሲሉ ሰማሁ። የሰዓት ሠሪውን ሱቅ ሰባብረው ሰዓቶቹን አስፋልት ላይ በተኗቸው። ሰው የራሱንም የሌላውንም እየለቀመ ሄደ። የመስኮት አራቷ ሰዓቷ እዚያ ነበር፤ «አሁን ማን ይመልስልኛል? እነዚህ ሰዎች ለሰው ንብረት ግድ የላቸውም» አለችን።

ከፋብሪካው ሦስት ዝምተኞች ተባረሩ፤ ሦስቱም ከእህቴ ጋር በአንድ መስመር የሚሠሩ ነበሩ። ፎርማኑ ዝርዝሩን ይዞ መጥቶ ስም እየጠራ አስወጣቸው። እሷ ጋ ሲደርስ «አንቺ የለሽበትም፣ ሥራሽን ሥሪ» አላት። ሠራች።

እማዬ ማለዳ ወጥታ በራችንን በመዳፏ ዳሰሰችው። ንጹሕ ነው። ተመልሳ እኔን አየችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ። እማዬ ከአባታችን ቀብር ወዲህ እንዲህ አድርጋ ስማኝ አታውቅም።

እኔ ሬንጅ አልቀባሁም። ጣትም አልሰበርኩም። ይህን እዚህ መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ አላውቅም።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

እህቴን እየጠበቋት ነው።

ራሷ አልነገረችኝም፤ በመንገዱ ሳልፍ በዓይኔ አየሁ። በታሸገው በር ሥር ተቀምጣለች፤ አዋላጇ ባንድ ጎኗ፣ ጣቶቿ እንደተጠቀለሉ፤ ሰዓት ሠሪው በሌላው። ሌሎቹም ዙሪያዋን። አንድም ሰው አያናግራትም። ከስሞቹ ሁሉ የእሷ ብቻ ነው የጎደለው፤ ከሰዎቹ ሁሉ ሥራዋ ላይ ያለችው፣ በሯ ያልተቀባው እሷ ብቻ ናት። እህቷ ደግሞ መስኮቱ ላይ ናት። ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ፈርታ ቀረች፣ ወይም ከዚያ የባሰ።

እንዳላየኋት ሆኜ በሌላው ዳር አለፍኩ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

ለምን አትናገርም? ሁለት ቃል ነው። አስገብቼ ነበር ብትላቸው ያልቃል፤ እነሱ እንደሆኑ ሰው ማመን ይወዳሉ። ግትርነት ነው፣ ከአባታችን የወረሰችው። ትናንት ማታ ተቆጣኋት፤ ሰው እንዴት ባላጠፋው ዝም ይላል፣ ከሳሽ እኮ አፉን ካልከፈተ ተከሳሽ ይከፍታል አልኳት። «ብናገር ቀጥሎ የሚመጣው ምንድነው፣ እትዬ?» አለችኝ።

ምን ይመጣል? ምንም አይመጣም።

ክብደቷ ቀንሷል። ማሽኑ ላይ ስትሆን ሦስቱ ባዶ ወንበሮች ፊት ለፊቷ ናቸው አለችኝ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው ይህን የምጽፈው፤ እሷ ግን ተኝታለች፣ ወይም የተኛች አስመስላለች። ልጅ ሳለች መብረቅ ስትፈራ እኔ አልጋ ትገባ ነበር። ያን ጊዜ እግሯ ይቀዘቅዝ ነበር። ያ ወረቀት ቢለጠፍ ኖሮ ሃምሳ ይሆኑ ነበር፣ አዳራሹም አይታሸግም ነበር የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይመጣብኛል። ቢሆንም ያው ነበር። ሌላ ምክንያት ይፈልጉላቸው ነበር። እርግጠኛ ነኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ደብዳቤው ደረሰ! ከሰኞ ጀምሮ የክፍል ኃላፊ። እማዬ እልል አለች፣ ጎረቤት ሰምቶ መጣ። እህቴ አቅፋ ሳመችኝ። «ደስ ብሎሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ጥሩ ነው» አለች።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

የመስኮት አራቷ ምሳ ላይ ያወራችው ነው፣ በዓይኗ አይታ።

ፖሊስ መኪና ይዞ መጣ። በር ላይ የተቀመጡትን በዝርዝሩ እየጠራ ጫናቸው። ዝርዝሩ የእኔ ግልባጭ ነው፣ የእኔ ማኅተም ያለበት። የተጠራ ሁሉ ራሱ እየተነሳ ተሳፈረ፤ ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ አቃታቸውና በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ሳትጠራ ተሳፈረች። የለሽበትም ብለው አወረዷት። እንደገና ወጣች። ሁለተኛ ሲያወርዷት መሬት ላይ ጣሏት። መኪናው ሲንቀሳቀስ አዋላጇ ከላይ ሆና ፊቷን አዞረችባት።

«እብድ ሳትሆን አትቀርም፤ በግድ ጫኑኝ ትላለች እኮ!» አለች የመስኮት አራቷ፣ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ካልሳቅሁ ታየኛለች።

ማታ እህቴ ጉልበቷ ተልጦ ገባች። ውሃ አሞቅኩላትና ቁስሏን አጠብኩላት። እንዴት ነው አልኳት፣ ምን ሆንሽ አልኳት፤ ያልሰማሁ መስዬ። «ወደቅሁ» አለችኝ። እሱም ውሸት አይደለም።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

እንደሆነው ልጻፈው።

ለሹመቱ አዲስ ስለሆንኩ ኃላፊው አጠገቤ ቆሞ አሠራሩን ያሳየኛል፤ ምትክ እስኪመጣ መስኮቱም ገና በእጄ ነው። ወረፋው በሩ ድረስ ነው። ቀና ስል እህቴ ናት፤ የሥራ ልብሷን ለብሳለች። ከሰው ሁሉ ጋር ተሰልፋ፣ ተራዋን ጠብቃ ነው የደረሰችው። በእጇ የጻፈችውን ማመልከቻ አስቀመጠችልኝ።

«ስሜ ከዝርዝሩ ቀርቷል። ይጻፉልኝ» አለች።

ይጻፉልኝ አለችኝ። እርስዎ ብላ። ይህን አንደበት ከየት አመጣችው? በሕይወቷ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

እንዲሰማ አድርጌ ምዝገባው ተዘግቷል አልኩ። ለምዝገባው አይደለም አለች፤ የተወሰዱት ሰዎች ያሉበት እንዲወስዷት ነው፣ እሷም ከእነሱ አንዷ ናት። ኃላፊው ወረቀቱን ከፊቴ አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበው። አድራሻ በሚለው ላይ «የለኝም» ብላለች። ዛሬ ጠዋት ከቤታችን፣ ከእኔ ኋላ ወጥታ፣ የለኝም! አድራሻዋን እንኳ በትክክል መሙላት ያቃታት ሰው ናት ብዬ ተናደድኩ። ንዴት ነበር መሰለኝ። እጄን ጠረጴዛው ሥር ከተትኩት።

ከዚያ ኃላፊው ቆም አለ። «የአባቷ ስም ካንቺ ጋር አንድ ነው እንዴ?»

«የስንቱ ሰው ስም ነው። አላውቃትም» አልኩ።

ድምፄ አልተሰበረም። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። ኃላፊው ወደ እሷ ዞሮ «አንቺስ? ታውቂያታለሽ?» አላት። አይዋሹም። መሬት መሬቱን እያየች ቆመች። ወረፋው ተነቃነቀ፣ አንዱ ከኋላ አፏን ከፍታችሁ እዩላት አለ። ኃላፊው ሳቀ፤ «ዝምተኛ ናት፣ ስሟን ማስመዝገብም አያስፈልጋትም!» አለ። ማመልከቻውን ሰጠኝና ማኅተም መታሁበት። ጥበቃው ለፖሊስ ሊያስረክባት ክንዷን ይዞ አወጣት። ጉልበቷ ገና ስላልዳነ ታነክሳለች። ዞር ብላ አላየችኝም፤ ዞር እንዳትል ስለቴን ተስያለሁ፣ ሰመረልኝ።

ተረኛ አልኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠላሳ አራት ሰው አስተናገድኩ።

እቤት ስገባ እማዬ ራት አቅርባ ትጠብቃለች፤ ታናሽሽ የት ቀረች አለችኝ። ከሰዎቿ ጋር ሄደች አልኳት። የት? አላውቅም። ለስንት ቀን? አላውቅም እማዬ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። መጀመሪያ እህቴን ረገመቻት፣ ቀጥሎ እርግማኑን መልሳ ወሰደች፣ ከዚያ እነዚያን ሰዎች ረገመች። ብዙ ቆይታ ሲወጣላት ተነስታ ሁለት እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጫነች።

«አንቺ የምትችይውን አድርገሻል፣ ልጄ። እህትሽን እንደጠበቅሽልኝ እሱም አንቺን ይጠብቅሽ።»

አሜን አልኩ።